«አላየሁትም»፦ የሞተር ሳይክል አደጋ ታሪክ ከማን አንደበት ተጻፈ?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት ቃል ናት፤ «አላየሁትም»። ከፊት ለፊቱ በሚመጣ ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ ወደ ግራ የታጠፈ አሽከርካሪ፣ ትራፊክ ፖሊሱ መዝገቡን ሲያወጣ ከአንደበቱ ቀድማ የምትወጣው ቃል ይህችው ናት። የታሪክ ትምህርት በዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። የታሪክ ሰው ሥራ ማስረጃው ከማን እጅ እንደ ወጣ መጠየቅ ነው። በመኪናና በሞተር ሳይክል ግጭት፣ አቧራው ሲበተን በእግሩ ቆሞ ቃሉን የሚሰጠው በአመዛኙ ባለመኪናው ነው፤ ሞተረኛው ሐኪም ቤት ነው፣ ወይም ከዚያ ወዲያ። ስለዚህ መዝገቡ የሚጻፈው ከጋቢና ውስጥ በታየው ልክ ነው። ይሁን እንጂ እኔ አሽከርካሪው ዋሽቷል ልል አልመጣሁም። ቃሉ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ተመልክቶ ነበር፣ ነገር ግን አላየም። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም እውነት መሆኑ ነው።

አስቀድሜ ስለ መንገዱ ልናገር። የጋሞ ምድር ለረጅም ዘመን የእግር መንገድ ምድር ነበር። የዶርዜ ሸማኔ ከደጋው ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ሲሻገር የኖረው ጎማ በማያውቀው መንገድ ጭምር ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው ከጨንቻ ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ የተመሠረተችው በ1950ዎቹ ነው። አዲሲቱ ከተማ ከጅምሯ ሁለት ሆና ነው የተወለደችው፤ መሥሪያ ቤቶቹ ከላይ ሴቻ፣ ገበያው ከታች ሲቀላ፣ በመካከላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት። ኋላ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲያችን ደግሞ ከሲቀላ በስተሰሜን፣ በሶዶ መንገድ ላይ ሦስተኛ ጫፍ ጨመረላት። እንዲህ የተበታተነች ከተማ ነዋሪዋን በእግሩ ብቻ አታኖረውም። በከተማው ውስጥ ክፍተቱን የሞላው ባጃጅ ነው። አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ቦንኬ፣ ወደ ዲታ፣ ወደ ቦረዳ ቀበሌዎች ለሚወጣ ሰው ግን መድረሻው ሞተር ነው።

ሞተር ወደ ገጠሩ የገባው በመጀመሪያ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነበር ማለት ይቻላል። የግብርና ባለሙያው፣ የክትባት ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅቱ ተቆጣጣሪ የሚነዱት የመሥሪያ ቤት ሞተር ነበር። ዋጋቸው የቀለለ የሕንድና የቻይና ሥሪቶች ሲመጡ የግል ሆነ፤ ከዚያም የእንጀራ ሆነ። ዛሬ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርደው፣ ሙዝ ወደ አስፋልት የሚወጣው፣ ተማሪ ወደ ፈተናው የሚደርሰው በዚሁ ነው። ስለዚህ ስለ ሞተረኛ ስንናገር ስለ ደፋር ጎረምሳ ብቻ የምንናገር አይምሰላችሁ። ከኋላው የተቀመጠችው እናትም በዚሁ ታሪክ ውስጥ አለች።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ጥቂት ብል ከርእሴ የራቅሁ አይመስለኝም። የመኪና ቃሎቻችን ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ። ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ዕቃውንና የዕቃውን ስም አብረን ተቀበልን። ለማየት ግን የራሳችን የሆነና ከብዙዎች የተሻለ መለያ አለን፤ «አየ» እና «አስተዋለ» አንድ አይደሉም። የአሽከርካሪው ቃል በትክክል ሲነገር «አላስተዋልሁትም» ነው። መዝገቡ ይህን ልዩነት አይዝም፤ «ቅድሚያ አለመስጠት» ብሎ ያልፈዋል። የተጣሰውን ደንብ ይነግረናል፣ እንዴት እንደ ተጣሰ ግን አይነግረንም።

ወደ ግራ መታጠፍ ራሱ በአገራችን ታሪክ ያለው ነው። ኢትዮጵያ የመንገዱን ግራ ይዞ መንዳትን ትታ ቀኙን የያዘችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ልማዱ ከአርባ ምንጭ ከተማ ጋር እኩያ ነው ለማለት ይቻላል። ቀኝ ይዞ በሚነዳ አገር፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሁሉ ከፊት የሚመጣውን መስመር አቋርጦ ማለፍ አለበት። ከሶዶ በኩል መጥቶ በግራው ወዳለ ማደያ ወይም ግቢ የሚገባ ሚኒባስ፣ ለጥቂት ሰከንድ በሌላ ሰው መንገድ ላይ ተጋድሞ ይቆማል። ያ ሌላ ሰው ሲኖትራክ ከሆነ ሚኒባሱ ይጠብቃል። ሞተር ከሆነስ?

ይህን ጥያቄ በሥርዓት የመረመረው የመጀመሪያው ታላቅ ጥናት የወጣው እ.አ.አ. በ1981 ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ወደ 900 የሚጠጉ የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው መረመሩ፤ ከዚህም ሌላ 3,600 የፖሊስ ሪፖርቶችን ተነተኑ። ለታሪክ ተማሪ ከውጤቱ ይልቅ ስልቱ የሚያስተምር ይመስለኛል። የፖሊሱን ወረቀት ብቻ አላመኑም፤ የጎማውን ጭረት ለኩ፣ የተሰበረውን ሞተር ገለበጡ፣ የራስ ቁሩን መረመሩ። ያገኙትም ይህ ነው። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛው ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረገ ግጭት ነበር፤ ከእነዚህም በሁለት ሦስተኛው ጥፋቱ የሞተረኛውን ቅድሚያ የነፈገው የሌላው አሽከርካሪ ነበር። ዓይነተኛውም ግጭት ከፊት የሚመጣ ሞተር እያለ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ነው። ሞተረኛው አደጋውን ተረድቶ ለማምለጥ የነበረው ጊዜ ከ2 ሰከንድ ያነሰ ነበር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ይህ 28 ሜትር ያህል ነው፤ ፍሬን ሳይዝ ያልቃል።

ያው ጥናት ሞተረኞችንም አላመሰገነም። 92 ከመቶ የሚሆኑት መንዳትን የተማሩት ከራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር፤ ያለ ሌላ ተሽከርካሪ በደረሱት አደጋዎችም በአመዛኙ ስሕተቱ የነጂው ነበር። ከሃያ ዓመት ግድም በኋላ በአምስት የአውሮፓ አገሮች 921 አደጋዎች ሲመረመሩ ግን ሚዛኑ ወደዚያው አጋደለ፤ በግማሹ ዋናው ምክንያት የሌላው አሽከርካሪ ስሕተት ነበር፣ ከስሕተቶቹም የሚበዛው አለማስተዋል ነበር።

ለምን አይታይም? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «ግዴለሽ ስለሆኑ ነው» የሚለው ፈጣን መልስ ጉዳዩን ይዘጋዋል። አንደኛው ምክንያት ስሌት ነው። ከፊት የሚታይ ሞተር ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የጭነት መኪና 2.5 ሜትር ነው። እንግዲህ በ80 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሞተር በዓይናችን ውስጥ የሚይዘው ስፋት በ250 ሜትር ርቀት ላይ ካለ ሲኖትራክ ጋር እኩል ነው። ዓይን ርቀትን በመጠን መገመት ስለሚቀናው ትንሹን ነገር ሩቅ ያደርገዋል፤ በአንድ ጊዜ የሚደርሱ ሁለት ነገሮች ሲመጡ ትንሹ ዘግይቶ የሚደርስ ይመስለናል። አሽከርካሪው ሞተሩን አይቶት እንኳ «ገና ነው» ብሎ ይታጠፋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን ያ 80 ሜትር ስድስት ሰከንድ አይሞላም።

ሁለተኛው ምክንያት ይልቅ የሚያስደነግጥ ነው። ዓይን የሚያየው የሚጠብቀውን ነው። እ.አ.አ. በ2018 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ተሳታፊዎች የመንገድ ፎቶግራፎች እየታዩአቸው መንገዱ ለመንዳት አስተማማኝ መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ተጠየቁ። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ገባ፤ ለአንዳንዶቹ ታክሲ፣ ለሌሎቹ ሞተር ሳይክል። ታክሲውን ያላስተዋሉት 31 ከመቶ ሲሆኑ፣ ሞተሩን ያላስተዋሉት 65 ከመቶ ነበሩ። ሞተሩ ፎቶው ላይ ነበረ፤ በአእምሯቸው የመንገድ ሥዕል ውስጥ ግን ቦታ አልነበረውም። በጣሊያን የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የሞተር መንጃ ፈቃድ ያላቸው የመኪና አሽከርካሪዎች ከሞተር ጋር በሚደረግ ግጭት ጥፋተኛ የሚሆኑት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ሞተር የነዳ ሰው ሞተርን ይጠብቃል።

ይህን ወደ እኛ መንገድ ሳመጣው የራሴን ግምት መናገሬ መሆኑን ያዙልኝ። የአርባ ምንጭ የባጃጅ ነጂ ቀኑን ሙሉ በሞተሮች መካከል ይውላል፤ ዓይኑ ተገርቷል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ግን በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ወንጀልን ለመከላከል በሚል ምክንያት፣ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ አገደ። የእገዳውን ጥቅምና ጉዳት ለሌሎች ልተው፤ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ያልታሰበ ውጤቱ ነው። ሞተር በሌለበት ጎዳና መንዳት የለመደ አሽከርካሪ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ፣ ደክሞት፣ የሙዝ ማሳዎቹን አልፎ ወደ ሲቀላ ሲቃረብ፣ ዓይኑ ያልሠለጠነበትን መንገድ ይቀላቀላል። ምልክት መትከል ካለብን ለእርሱ ነው።

መድኃኒቱ ሁልጊዜ ከሞተረኛው ወገን የተፈለገበትም የራሱ ታሪክ አለ። «የዐረቢያው ሎረንስ» እየተባለ የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎረንስ እ.አ.አ. በ1935 ሁለት ብስክሌት የሚነዱ ልጆችን ለማዳን ሲሸሽ ከሞተሩ ወድቆ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ስለ ራስ ቁር ምርምር ጀመረ፤ በ1941 ጽሑፉን አሳተመ፣ የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት ሥራ ላይ ያሉ ሞተረኞቹን ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላትን ጉዳት በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ድምር ተረጋግጧል። በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ሄልሜት የሚሠራው ግጭቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ከግጭቱ በፊት የሚሠራው መታየት ነው። ማሌዥያ እ.አ.አ. በ1992 ሞተሮች ቀንም የፊት መብራት አብርተው እንዲሄዱ ደነገገች፤ ካለመታየት የሚመጡት ግጭቶች በ29 ከመቶ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎቿ ገለጹ። በኒውዚላንድ የተደረገና በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ የሚያንጸባርቅ ልብስ የለበሰ ሞተረኛ የጉዳት አደጋው በ37 ከመቶ፣ ነጭ ሄልሜት ያደረገው ጥቁር ካደረገው በ24 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አገኘ። መብራት ማብራት ለሞተረኛው የሚያስወጣው ገንዘብ ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን «ለምን አላበራህም?» የሚለው ጥያቄ «ለምን አላስተዋልህም?» የሚለውን እንዳያስረሳን እሰጋለሁ።

ሕጋችን ሁለተኛውን ጥያቄ ያውቀዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59፣ ቸልተኛ ማለት አደጋውን እያወቀ የናቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ሳያውቅ የቀረም ነው ይላል። «አላየሁትም» በዚህ አንቀጽ ፊት ነጻ የምታወጣ ቃል አይደለችም። የፍትሐ ብሔሩ ነገር ግን ይለያል። አርባ ምንጭ ገና ከተማ ሳትባል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ኪሣራውንም ለሁለት ያካፍላል። ግምቱ የሚፈርሰው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ነጂ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ሁለት መኪና ሲጋጩ ይህ ፍትሐዊ መነሻ ነው፤ ሁለቱም ነጂዎች ቆመው ይከራከራሉ። ሲኖትራክና ሞተር ሲሆኑ ግን የማስረዳቱ ሸክም ምናልባት ከዚህ ዓለም በተለየ ሰው ወራሾች ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ሞተረኛው ያልተናገረውን ሊናገርለት የሚችል ማስረጃ መፈለግ ግድ ነው። አንዱ ከተሰበረው ሞተር ግንባር ላይ ይገኛል። በርቶ የነበረ የፊት አምፖል በግጭት ሲመታ በውስጡ ያለው የጋለ ክር ይለጠጣል፣ ይጣመማል፤ ጠፍቶ የነበረ ቀዝቃዛ ክር ግን እንደዚያ አይሆንም። ዲዮድ መብራት በተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ይህ ምልክት አይገኝም፤ በእኛ መንገድ ላይ ከሚታዩት አሮጌ ሞተሮች በብዙዎቹ ላይ ግን አምፖሉ አሁንም ባለ ክር ነው። ሞተሩ ለቆርቆሮ ከመሸጡ በፊት ያንን አምፖል ፈትቶ በፖስታ አሽጎ ከመዝገቡ ጋር የሚያያይዝ ሰው ቢኖር፣ «አላየሁትም» ከሚለው ቃል አጠገብ «መብራቱ በርቶ ነበር» የሚል ሁለተኛ ቃል ይቀመጣል።