ጸጸት የእንግሊዝኛ ትምህርት ርእስ እስኪሆን

አሥራ አንደኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ያንን ምዕራፍ አይረሳውም። «አይ ዊሽ አይ ሃድ» እና «አይ ሹድ ሃቭ» እየተባለ፣ ተማሪው ባለፈው ነገር መቆጨቱን እንዲናገር የሚለማመድበት ምዕራፍ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወሎ ውስጥ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ የቆዩ ናቸው። «ጸጸትን መግለጽ» የሚለው ርእስ ግን በላያቸው የተጻፈው ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

የእንግሊዝኛን ሰዋስው ለትምህርት ቤት ያሰናዱት የቀድሞ ሊቃውንት ዓይናቸው ላቲን ላይ ነበር። ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ አጭር የሰዋስው መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1762 አሳተመ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሊንድሊ መሪ በፔንሲልቬንያ የተወለደ የኩዌከር አማኝ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በጥብቅና ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1784 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ ከዮርክ ከተማ አጠገብም ኑሮውን መሠረተ። በዚያች ከተማ የነበረ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት መምህራት «ለተማሪዎቻችን የሚሆን ሰዋስው ጻፍልን» ብለው ለመኑት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1795 ወጣ፤ በእንግሊዝም በአሜሪካም እየተደጋገመ ታተመ። እነዚህ ሰዎች «ባውቅ ኖሮ» የሚለውን አነጋገር የሚያውቁት በግሥ እርባታ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። «መውደድ» የሚለው ግሥ በየአንቀጹና በየጊዜው ተረብቶ ይሰለፋል፤ ልጆቹም በቃላቸው ይይዙታል። ተናጋሪው ማን ነው፣ ምን አምልጦት ነው እንዲህ የሚለው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከጃፓን ነው። ሃሮልድ ፓመር እ.ኤ.አ. በ1922 ቶኪዮ ገብቶ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ዘዴ ሲያጠና፣ ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደዚያው አገር ሄደ። የቃላት መለዋወጫ ሠንጠረዥን ያስፋፋው ፓመር ነው፦ አንድ የዓረፍተ ነገር ቅርጽ ተይዞ አንዱ ቃል በሌላው ይተካል። የሆርንቢ መዝገበ ቃላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ታትሞ በ1948 በኦክስፎርድ እንደገና ወጣ፤ ዘሮቹን የኛም ተማሪ ያውቃቸዋል። ይህ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱ ግሥ ምን ዓይነት ሐረግ እንደሚያስከትል ያሳያል። ለውጭ አገር ተማሪ ትልቅ ውለታ ነው፤ ይህን ሳልመሰክር ማለፍ አልችልም።

ወደ እኛ አገር የደረሰው ትምህርት ይህን መልክ የያዘው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት በትምህርት ቤቶቻችን ፈረንሳይኛ ይበረታ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር መምህራን ሲመጡ ወጣት አሜሪካውያን በየጠቅላይ ግዛቱ ክፍል ውስጥ ቆሙ። እኔንም ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው። መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን ይናገራል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል፤ አንድ ቃል ይቀየራል፣ ክፍሉ እንደገና ይደግማል። አፋችን ተፍታታ። ነገር ግን ያላደረግነውን ጥፋትና ያላመለጠንን ባቡር ስንቆጭ ነው የዋልነው።

የኢትዮጵያ ተማሪ ሐሳቡ አይከብደውም፤ በቁጭት የሚያወራ ሰው እየሰማ ነው ያደገው። የሚከብደው የግሡ ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ ላይ አሁን የሌለህን ስትመኝ ግሡ በኃላፊ ጊዜ ይቀመጣል። ትናንት ያመለጠህን ስትመኝ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ፓስት ፐርፌክት ይሆናል። «አይ ሹድ ሃቭ ስተዲድ» ያለ ሰው አላጠናም፤ ተማሪው ግን «ስተዲድ» የሚለውን ሲያይ አጥንቷል ብሎ ይመልሳል። ፈተና አውጪዎች ይህቺን ስህተት ስለሚያውቋት ከአራቱ ምርጫ በአንዱ ላይ ያስቀምጧታል።

ፈተናው የማይጠይቀው ግን ከዚህ ይበልጣል። «አይ ዊሽ» በእጄ ያልነበረውንም ያካትታል፤ ዝናቡ በዘነበ፣ ጦርነቱ ባልመጣ ብዬ መመኘት እችላለሁ። «አይ ሹድ ሃቭ» ግን ማድረግ ሲገባኝ ያላደረግሁትን ነው የሚናገረው፤ ተጠያቂው ራሴ ነኝ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በነበሩት ዓመታት አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፦ «ቲቸር፣ አባቴ በሬውን ሳይከሳ አልሸጠውም፤ ዝናቡም ቀረ። የትኛውን ነው የምጽፈው?» አለኝ። ለዝናቡ አንደኛውን፣ ለበሬው ሁለተኛውን ጻፍ አልኩት። ትንሽ አሰበና «አባቴ ዝናቡ እንደሚቀር አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ለሁለቱም ‹ዊሽ› ነው የምጽፈው» ብሎ መለሰልኝ። ከእኔ የተሻለ መልስ ነበር። ያን ቀን ክፍሉ ደወል እስኪደወል ድረስ የትኛው የሰው ጥፋት፣ የትኛው የዕድል ነገር እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሲከራከር ዋለ፤ ፓስት ፐርፌክት ያልገባው ልጅ አልነበረም ብል አላጋነንኩም።

መጻሕፍቱ ወደዚህ ሐሳብ የዞሩት ዘግይተው ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ምክር ቤት ጎልማሶች የውጭ ቋንቋ የሚማሩበትን መንገድ የሚያጠኑ ባለሙያዎችን ሰበሰበ። ዴቪድ ዊልኪንስና ያን ፋን ኤክ «ሰው በቋንቋ ምን ያደርጋል?» ከሚለው ጥያቄ ተነሡ። ፋን ኤክ በ1975 ባወጣው ዝርዝር ጸጸትን መግለጽ ይቅርታ ከመጠየቅና ይቅር ከማለት ጋር በአንድ ምድብ ተቀመጠ። የዊልኪንስ መጽሐፍ በ1976 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የተዘጋጁ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ምዕራፎቻቸውን በግሥ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተናጋሪው ጉዳይ መሰየም ጀመሩ። እንደ እኔ እምነት፣ ከላውዝ ወዲህ በዚህ ሙያ ከታዩት ለውጦች ትልቁ ይህ ነው።

እኛ ጋ ርእሱ ገባ፤ አሠራሩ ግን እንደ ድሮው ቀረ። «ጸጸትን መግለጽ» የሚል ርእስ ሥር አሁንም ባዶ ቦታ መሙላት ነው ያለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ፕላዝማ በየክፍሉ ሲሰቀል፣ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ዓረፍተ ነገሩን ጥርት አድርጎ ይናገራል፤ እጁን ያወጣውን ልጅ ግን አያይም። ስለ በሬው የጠየቀኝ ልጅ በዚያ ዘመን ተምሮ ቢሆን ጥያቄው ሳይሰማ ይቀር ነበር።

ዛሬ በሥራ ላይ ያላችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ እዚያ ምዕራፍ ስትደርሱ መልመጃውን ለጊዜው አቆዩት። እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ ወይም ከቤተሰቡ ሕይወት አንድ ነገር በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጻፍ፤ ቀጥሎም «ዊሽ» ነው ወይስ «ሹድ ሃቭ» ብሎ ራሱ ይወስን፤ ለምን እንደሆነም ያስረዳ። ሰዋስውን ከዚያ በኋላ አስተምሩት።