ዕርገትና ተልእኮ፦ በሰማይ ያለው ጌታ፣ በምድር ያለው ሥራ

በላቲኑ ሥርዓት፣ በትንሣኤ ሌሊት የሚለኮሰው ትልቅ ሻማ ቀድሞ የሚጠፋው በዕርገት ዕለት፣ ወንጌሉ ተነቦ ሲያበቃ ነበር። ለ40 ቀን ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ የቆየው ጌታ ከዓይን መሰወሩን ምእመናን ሻማው ሲጠፋ በሚወጣው ጭስ ያዩ ነበር። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ሥርዓቱ ሲታደስ ግን ሻማው እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ እንዲበራ ተደረገ። ቀድሞ ምልክቱ መሰወሩን ይናገር ነበር፤ ዛሬ አብሮነቱን ይናገራል። የዕርገት ትምህርት ሁለቱንም ይይዛል።

ሉቃስ ዕርገትን ሁለት ጊዜ ይተርካል። በወንጌሉ መጨረሻ ጌታ እጆቹን አንሥቶ እየባረካቸው ይለያቸዋል፤ እነርሱም በታላቅ ደስታ ወደ ኢየሩሳሌም ይመለሳሉ። የሚወደውን የሸኘ ሰው እንዲህ አይመለስም። የደስታቸው ምክንያት በሁለተኛው ትረካ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ይገኛል። የእስራኤል መንግሥት መቼ እንደሚመለስ ሲጠይቁት ጌታ ቀን አልቈረጠላቸውም፤ እስከ ምድር ዳር ምስክሮቹ እንደሚሆኑ ነገራቸው እንጂ። ነጭ የለበሱት ሁለት ሰዎችም ወደ ሰማይ አንጋጠው የቀሩትን ከቆሙበት ቀሰቀሷቸው።

ደቀ መዛሙርቱ ግን ወዲያው ለስብከት አልወጡም። ከማርያም ጋር በአንድ ልብ ሆነው ይጸልዩ ጀመር። ካቶሊካውያን ከጰራቅሊጦስ በፊት የሚያደርጉት የዘጠኝ ቀን ጸሎት ይህን መጠበቅ ይከተላል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1897 ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን ደንግገውታል።

እ.ኤ.አ. ከ440 እስከ 461 ቤተ ክርስቲያንን የመሩት ታላቁ ቅዱስ ልዮን በዕርገት ስብከቶቻቸው ሁለት ነገር አጥብቀው አስተምረዋል። አንደኛው፣ ከእኛ የተወሰደው ሥጋ ከመላእክት በላይ ከፍ ብሎ በአብ ቀኝ መቀመጡ ነው። ሁለተኛው፣ በመድኃኒታችን ዘንድ በዓይን ይታይ የነበረው ወደ ምሥጢራት መተላለፉ ነው። ስለዚህ ካህኑ ሲያጠምቅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው፤ በቁርባኑም ራሱን የሚሰጠው እርሱ ነው።

በደብረ ዘይት ተራራ፣ በመስቀል ጦረኞች ዘመን በተሠራች ባለ ስምንት ማዕዘን ትንሽ ሕንፃ ውስጥ፣ በእብነ በረድ የታጠረ ድንጋይ ወለሉ ላይ አለ። ትውፊት ጌታ ሲያርግ የቀረ የእግሩ አሻራ ነው ይለዋል። ተሳላሚዎች ተንበርክከው ይዳስሱታል፤ ከዚያም ተነሥተው በጠባቡ በር ይወጣሉ። ድንጋዩ ጌታ የቆመበትን ያሳያል፤ ምስክሩ የሚሄድበት ግን ከበሩ ውጭ ነው።

ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እንዲህ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1839 ከጣሊያን ዓድዋ ሲደርሱ የሮምን ልማድ ሊጭኑ አልፈለጉም፤ ቋንቋውን ተማሩ፣ የአገሩን ልጆች ለክህነት አሠለጠኑ፣ የግዕዙ ሥርዓትም እንዲጠበቅ ደከሙ። ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱ የሆኑት ሊቁ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ሳሉ ዐረፉ። ምስክርነት ትርጉሙን ያገኘው በእነዚህ ሰዎች ሕይወት ነው።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ የትንሣኤው ሻማ ወደ መጠመቂያው ስፍራ ይወሰዳል። ሕፃን ሲጠመቅ እንደገና ይበራል፤ ለሕፃኑ የሚሰጠው ትንሽ ሻማም ከእርሱ ይለኮሳል።