መድረክና ማዕቀፍ፦ የአንድ ምርጫ ታሪክ



የመካነ ሰላም ወጣት ባለሙያ በአዲስ የክላውድ መድረክ ላይ ድረ ገጽ ለመሥራት ሲነሣ የሚገጥመው ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። ጎግል «አፕ ኢንጂን»ን በኤፕሪል 2008 እ.ኤ.አ. ሲከፍት የሚቀበለው ቋንቋ ፓይተን ብቻ ነበር። ለጀማሪው ሁለት ማዕቀፎች ቀርበውለታል፤ የመድረኩ የራሱ የሆነው ቀላሉ «ዌባፕ» እና ጃንጎ 0.96።

ጃንጎ ብዙ የተሰናዳ ነገር ነበረው። ሆኖም የመረጃ አያያዙ በተዛማጅ ሠንጠረዦች ላይ የቆመ ሲሆን፣ መድረኩ እንዲህ ያለ ቋት አልነበረውም። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቢካተትም፣ ጃንጎ 0.96 ጽሑፍን የሚይዘው በፊደል ሳይሆን በባይት ነበር። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» የሚለው ቃል 9 ሆኖ ይቆጠራል፤ ጽሑፍ ሲያጥርም ፊደሉ ከመካከሉ ሊቆረጥ ይችላል። በሴፕቴምበር 2008 የወጣው ጃንጎ 1.0 ይህን አስተካከለ።

ዌባፕን የመረጠ ፈጥኖ ጀመረ፤ ሥራው ግን ከመድረኩ ጋር ተጣበቀ። በ2018 አዲሱ የፓይተን 3.7 አሠራር ሲመጣ የቀድሞዎቹን አብሮ ገብ አገልግሎቶች አላካተተም። በ2020 መባቻ የፓይተን 2 ድጋፍ ሲያበቃ፣ ከእነዚህ ጋር የተቆራኘ ፕሮግራም ብዙው ክፍሉ እንደገና መጻፍ ነበረበት።

ባለሙያ በጣት በሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት ሥራን ሁለት ጊዜ መጻፍ አገልግሎትን ማቋረጥ ማለት ነው። ስለዚህ ከፍጥነት አስቀድመን ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ማዕቀፉ ፊደላችንን ሳይቆርጥ ይይዛልን? መድረኩን ስንለቅ መረጃችንንና ሥራችንን ይዘን መውጣት እንችላለንን?