የቆላው ሐሩርና የአደገኛ ጭነት ጉዞ

ዛሬ ልናወሳው ያሰብነው ነገር በየዕለቱ በፊታችን ሲያልፍ እያየነው ልብ የማንለው የቦቴ መኪና ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፣ ነዋሪዋ የሚደርሰውን ዕቃ ያያል እንጂ ዕቃው ያለፈበትን ሐሩር አያይም። ይልቁንም በሰኔና በሐምሌ እኛ ጃንጥላ ይዘን ወደ ቢሯችን ስንሄድ፣ በአፋር ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወራት ነው።

የነገሩን ታሪክ ለመጀመር ከልደታ ሩቅ መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ ያደረገው ከልደታ ሜዳ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ቦሌ እስኪከፈት ድረስ በዚያ ሜዳ ላይ የሚቀዳው ቤንዚን ሁሉ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ቆላውን አቋርጦ የሚመጣ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር አንዱ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአሰብ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚወጣው የመኪና መንገድ ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1959 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የቦቴው ጉዞ በዛ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የአሰብ በር ስለ ተዘጋ፣ ጭነቱ ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ይገባ ጀመር። ወደቡ ተለወጠ፤ በረሃው ግን ያው በረሃ ነው።

ታዲያ ሙቀት በጭነት ላይ ምን ያደርጋል? ቤንዚን ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይሰፋል። በ25 ዲግሪ ሙቀት 40,000 ሊትር የተቀዳበት ቦቴ እስከ 45 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 800 ሊትር ያህል፣ ማለት የአራት በርሜል ልክ፣ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦቴው ሲሞላ ከላይ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ መተንፈሻውም ከአቧራ ይጠበቃል። ዳገቱ ከተወጣ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ብዙ ፈሳሽ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ የአዲስ አበባም አየር ግፊት የጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ከአየር የከበደ ስለ ሆነ፣ መሬት ለመሬት እየሄደ የከሰል ምድጃ ወይም የሲጋራ እሳት ሊያገኝ ይችላል።

ይህ ቸል ሲባል የሚመጣውን የስፔን አገር ሕዝብ አይቶታል። ሐምሌ 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ፕሮፒሊን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ በፈሳሽነቱ የጫነ አንድ ቦቴ፣ ዕረፍተኞች በድንኳን በሰፈሩበት የባሕር ዳርቻ አጠገብ ሲያልፍ ፈነዳ፤ 217 ሰዎችም ሞቱ። ቦቴው ሊይዝ የሚገባው 19 ቶን ያህል ሲሆን፣ የተጫነበት ግን ከ23 ቶን በላይ ነበር። ለአደጋው ከተሰጡት ምክንያቶች ዋናው፣ ፈሳሹ በፀሐይ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ አጥቶ ጋኑን ሰነጠቀው የሚለው ነው። እንግዲህ አደጋው የተጠነሰሰው መንገድ ላይ ሳይሆን፣ ጭነቱ በተለካበት ሰዓት ነበር።

በአገራችን ደግሞ መልካም ምሳሌ አለ። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መድኃኒት በ1990ዎቹ ዓመታት ተሰብስቦ፣ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ወደብ የሌላት አገር እንደ መሆኗ መርዙ ባሕር ከመድረሱ በፊት ቆላውን ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ ከዛጉትና ከሚያፈስሱት በርሜሎች ወጥቶ በጠንካራ ዕቃ እንደገና ታሽጎ ተጓዘ። ለመጠጥ ውሃ የሚሆነው የክሎሪን ዱቄትም ጥንቃቄ ይሻል፤ ሐሩር ሲበዛበት በራሱ እየጋለ ሊፈርስና እሳት ሊያስነሣ ይችላልና፣ ከነዳጅና ከዘይት ተለይቶ፣ ከፀሐይም ተከልሎ ይጫናል።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ የሾፌር ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ። ሾፌሩ መሪውን ይይዛል፤ የጭነቱን ልክ የሚጽፍ፣ የበርሜሉን ስምና ምልክት የሚያረጋግጥ፣ የመነሻውን ሰዓት የሚወስን፣ ማኅተሙንም የሚያሳርፍ ግን በየጽሕፈት ቤቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። በቀትር ፈንታ በሌሊት ቅዝቃዜ እንዲጓዝ፣ በገበያና በትምህርት ቤት አጠገብ እንዳይቆም፣ ከልኩ በላይ የሞላው እንዲጎድል ማዘዝ የብዕር ሥራ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ምክር በዚህ ነገር ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ቅጠሉም በጠረጴዛችን ላይ ያለው ወረቀት ነው።