የጥቃቅን ናሙናዎች አያያዝና ምልክት አደራረግ ታሪክ

በሽታን በማይክሮስኮፕ የመመርመር ታሪክ ሲወሳ ጎልተው የሚነሱት አይተው የተረጎሙት ሊቃውንት ናቸው። ሕዋስን የገለጹና ካንሰር የሆነውን ዕጢ ካልሆነው የለዩ ሐኪሞች ስም በመማሪያ መጻሕፍት ሰፍሮ ይገኛል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ሥር ሊያይ የሚችለው ሳይጠፋ፣ ሳይደርቅ፣ ሳይገለበጥና ከሌላ ታማሚ ናሙና ጋር ሳይቀላቀል ከፊቱ የደረሰለትን ብቻ ነው። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቁራጭ ከታማሚው አካል ተነስታ ስላይድ ላይ እስክታርፍ ድረስ በብዙ እጆች ታልፋለች፤ በብዙ ፈሳሾችም ትነከራለች። በዚህ ጉዞ ላይ ማንነቷንና አቀማመጧን ጠብቆ የማቆየት ጥበብ የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩም አንድ ነገር ያስተምራል፤ ሕክምናው ለታማሚው እየቀለለና የሚወሰደው ናሙና እያነሰ በሄደ ቁጥር በላቦራቶሪው ላይ የሚወድቀው አደራ እየከበደ መጥቷል።

ቁራጩ ሊተካ ይችል በነበረበት ዘመን

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የኅብረ ሕዋስ ጥናት በአብዛኛው የሚካሄደው ከአስከሬን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ነበር። ሩዶልፍ ቪርሾ በሽታን ከሕዋስ ለውጥ ጋር ያስተሳሰሩበትን ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1858 በበርሊን ባሳተሙበት ጊዜ፣ ለምርመራ የሚሆነው ስስ ቁራጭ የሚዘጋጀው በእጅ በሚያዝ ምላጭ ነበር። ለስላሳው ኅብረ ሕዋስ ከምላጩ ሥር እንዳይሸሽ በካሮት ወይም በአልኮል በጠነከረ ጉበት መካከል ተጣብቆ ይያዝ ነበር። አንዱ ቁራጭ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ከዚያው አካል ሌላ መቁረጥ ይቻል ስለነበር ጉዳቱ ከሥራ ድካም አያልፍም።

ይህን ሁኔታ የለወጠው በሕይወት ካለ ሰው ናሙና መውሰድ መጀመሩ ነው። በ1870ዎቹ በበርሊን ካርል ሩጌና ዮሐን ፋይት ከማህፀን የሚወሰዱ ትናንሽ ቁራጮችን በማይክሮስኮፕ በመመርመር ካንሰርን ከቀዶ ሕክምና በፊት መለየት እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1879 ደግሞ ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ኤርነስት ቤኒዬ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ «ባዮፕሲ» የሚለውን ስያሜ ከግሪክኛ ቃላት አዋቀሩለት፤ ትርጉሙም ሕይወት ያለውን ማየት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁራጩ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ መሆኑ ቀረ። ቢጠፋ ታማሚዋ ሕመሙን ዳግም ትቀበላለች፤ ከሌላ ሰው ናሙና ጋር ቢቀያየር ደግሞ ጤነኛዋ ማህፀኗን ልታጣ፣ ታማሚዋም ካንሰሯን ይዛ ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች።

ሊተካ የማይችል ነገርን በጥንቃቄ የመቁረጥ ልምድ ከሌላ አቅጣጫም እየዳበረ ነበር። በስዊዘርላንድ የባዝል ከተማ ቪልሄልም ሂስ የዶሮ ሽልን ዕድገት ሲያጠኑ፣ ከአንድ ጥቃቅን ሽል የሚወጡትን ቁራጮች በሙሉ አንዱም ሳይጎድል በቅደም ተከተል ማግኘት አስፈልጓቸው ነበር። ለዚህም በ1860ዎቹ እኩል ውፍረት ያላቸውን ቁራጮች የሚያወጣ ማይክሮቶም አዘጋጁ። በ1880ዎቹ በካምብሪጅ በተሠራው ማይክሮቶም ደግሞ በሰም የተያዙት ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ እየተጣበቁ እንደ ሪባን መውጣት ጀመሩ። በዚህም ቀድሞ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው በመለየትና ቁጥር በመስጠት ይጠበቅ የነበረው ቅደም ተከተል በራሱ በሪባኑ ተጠበቀ።

ነጩ ኅብረ ሕዋስ በነጩ ሰም

ኤድዊን ክሌብስ እ.ኤ.አ. በ1869 ኅብረ ሕዋስን በፓራፊን ሰም ውስጥ የማስቀመጥን ዘዴ አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ በፍራንክፈርት ፈርዲናንድ ብሉም የፎርማልዲሃይድን ጀርም ገዳይነት ሲመረምሩ የገዛ ጣቶቻቸው ቆዳ መጠንከሩን አስተዋሉ፤ ከዚህም በመነሳት ፈሳሹ ኅብረ ሕዋስን ባለበት ሁኔታ ለማጽናት እንደሚያገለግል ገለጹ። ፎርማሊንና ፓራፊን ሰም ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላም የሂስቶሎጂ ላቦራቶሪ ምሰሶዎች ናቸው።

ሆኖም እነዚህ ሁለት መፍትሔዎች ለጥቃቅን ናሙናዎች አዲስ ችግር ይዘው መጡ። በፎርማሊን የጸና፣ በአልኮል ውኃው የወጣለትና በዛይሊን የጠራ ቁራጭ ቀለሙን ያጣል። ይህ የነጣ ቁራጭ ነጭ ሰም ውስጥ ሲገባ ባለሙያው በዓይኑ ሊያገኘው ይቸገራል። ማይክሮቶሙን በሚያስተካክልበት ጊዜም ናሙናው የቱ ጋ እንደሚጀምር ሳያውቅ ሊቆርጠው ይችላል። የጉዳቱን መጠን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቁራጭ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ በስህተት ተልጦ ቢጣል የናሙናው አንድ አምስተኛ ጠፋ ማለት ነው። እያንዳንዱ ስስ ቁራጭ 4 ማይክሮን ውፍረት ቢኖረው፣ የተጣለው ለ50 ቁራጮች ይበቃ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከማቅለሚያ መደርደሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ቪሶትስኪ ከሄማቶክሲሊን ጋር አጣምረው የተጠቀሙበት ኤኦሲን የተባለው ሮዝ ቀለም ስላይድን ከማቅለም ሌላ አገልግሎት አገኘ። ጥቂት ኤኦሲን በአልኮሉ ውስጥ ሲጨመር ናሙናው ሰም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሮዝ ይሆናል፤ በነጩ ሰም ውስጥም ጎልቶ ይታያል። ለመጨረሻው የስላይድ አቀላለምም እንቅፋት አይሆንም። ሜርኩሮክሮምም ለዚሁ ተግባር ውሏል።

ሌላው ችግር ናሙናው በካሴቱ ቀዳዳዎች ሾልኮ መውጣቱ ነበር። ለዚህም ቁራጩን በስስ የሌንስ ወረቀት መጠቅለል፣ በትናንሽ ከረጢቶች መያዝ፣ በስፖንጅ መካከል ማስቀመጥ ወይም አስቀድሞ በአጋር ማርጋት የተለመዱ ዘዴዎች ሆኑ። እያንዳንዱ ዘዴ ግን የራሱ ዋጋ አለው። ስፖንጁ ቁራጩን ሲጫነው በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተቶችን ይተዋል፤ ይህን የማያውቅ መርማሪም የአያያዙን ጠባሳ የበሽታ ምልክት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

የጥላሸት ጽናት

ናሙናውን ካለመጣል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የማን እንደሆነና ከየት እንደተወሰደ ማወቅ ነው። በዚህ ረገድ ረጅም ዘመን ያገለገለው መሣሪያ ተራው እርሳስ ነው። ብዙ የጽሕፈት ቀለሞች በአልኮልና በዛይሊን ይሟሟሉ፤ የእርሳስ ጽሑፍ ግን ካርቦን ስለሆነ አይሟሟም። ስለዚህም ከናሙናው ጋር በብረት መያዣ ውስጥ ትገባ የነበረችው ቁራጭ ወረቀት፣ በኋላም የፕላስቲክ ካሴቱና የስላይዱ ጫፍ በእርሳስ ሲጻፍባቸው ኖሯል። የኢትዮጵያ ብራና ጸሐፍት ከጥላሸት ባዘጋጁት ጥቁር ቀለም የጻፏቸው መጻሕፍት ለዘመናት ሳይደበዝዙ የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው የካርቦን ጽናት ነው። የናሙናን ጠርዝ ለመቀባት የሚያገለግለው ኢንዲያ ኢንክም መሠረቱ ጥላሸት ነው።

በራሱ በናሙናው ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በግልጽ ካሳዩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፍሬድሪክ ሞስ ናቸው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1930ዎቹ ያዳበሩትንና እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተሙትን ዘዴ በመጠቀም የቆዳ ካንሰርን በዚንክ ክሎራይድ ካጸኑ በኋላ በንብርብር እየቆረጡ ያወጡ ነበር። እያንዳንዱ ንብርብር ተከፋፍሎ ጠርዞቹ በተለያየ ቀለም ይቀባሉ፤ የቀለሞቹም ቦታ በወረቀት ካርታ ላይ ይሰፍራል። ለቀለምነት የዋሉት ለቁስል ይቀባ የነበረው ቀይ ሜርኩሮክሮም፣ ነጭ ልብስ ለማንጣት የሚጨመረው ሰማያዊ ማቅለሚያና ጥቁሩ ኢንዲያ ኢንክ ነበሩ። በማይክሮስኮፕ ሥር ካንሰር የታየበት ጠርዝ የትኛውን ቀለም እንደያዘ ሲታወቅ ሐኪሙ በታማሚው ፊት ላይ የቀረውን ካንሰር ለይቶ ይቆርጣል። ቁራጩ ቢገለበጥ ወይም ካርታው ቢዛነፍ ጤነኛው ቆዳ ተቆርጦ ካንሰሩ ይቀራል። በ1970ዎቹ ዚንክ ክሎራይዱ እየቀረ ትኩስ ኅብረ ሕዋስን በማቀዝቀዝ የመቁረጡ ዘዴ ሲስፋፋም ካርታውና ቀለሙ እንደነበሩ ቀጥለዋል።

ከጊዜ በኋላ የቀለሞቹ ምርጫ ተለውጧል። ሜርኩሮክሮም ሜርኩሪ የያዘ በመሆኑ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1998 ደኅንነታቸው ከተረጋገጠ መድኃኒቶች ዝርዝር አውጥቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ ያለባቸው የቁስል መድኃኒቶች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱ ደንግጓል። ቀይ ቀለም ከኤኦሲኑ ሮዝ ጋር ስለሚመሳሰል ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ይመረጣሉ። አሠራሩ ግን አልተለወጠም። የናሙናው ገጽ አስቀድሞ በለስላሳ ወረቀት ይደርቃል፤ ቀለሙ በስሱ ይቀባል፤ እንዲጣበቅም አሴቲክ አሲድ ይነካል። እርጥብ ገጽ ላይ የተቀባ ቀለም ወደ ስንጥቆቹ ስለሚፈስ ጠርዝ ያልሆነውን ጠርዝ ያስመስለዋል።

መርፌው ሲቀጥን

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ናሙናዎች እጅግ አነሱ፤ ቁጥራቸው ግን በዛ። ባዚል ሂርሾዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ተጣጣፊውን የጨጓራ መመልከቻ ይፋ ማድረጋቸው ከጨጓራ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ቁራጮችን ለመውሰድ በር ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ጣሊያናዊው ጆርጆ ሜንጊኒ የጉበት ናሙና በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚወስድ መርፌ አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ሆጅና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአልትራሳውንድ እየተመሩ ከፕሮስቴት ስድስት ቦታዎች በሥርዓት ናሙና የመውሰድን ዘዴ አሳተሙ። ከአንድ ሰው የሚወጡት እነዚህ እንደ ክር የቀጠኑ ቁራጮች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ካንሰሩ በቀኝ ይሁን በግራ የሚነግረው ግን የእያንዳንዱ ቦታ መለየት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች የቀኙን በአንድ ቀለም፣ የግራውን በሌላ ቀለም መቀባትን ሥርዓት አደረጉ። ተከታትለው የሚሠሩ የተለያዩ ታማሚዎች ናሙናዎች በተለያየ ቀለም ሲቀቡም የአንዱ ብሎክ ውስጥ የሌላው ቁራጭ ቢገኝ ቀለሙ ያጋልጠዋል።

ይህ ሥጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። በመቆንጠጫ ጫፍ፣ በመቁረጫ ሰሌዳ ወይም በውኃ ገንዳው ላይ የቀረች ቅንጣት ወደ ሌላ ሰው ስላይድ ልትሻገር ትችላለች። ከ1990ዎቹ ወዲህ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሊፈታ መቻሉ ትልቅ እመርታ ነው። ባር ኮድም በእጅ ጽሑፍ ይፈጠር የነበረውን ስህተት ቀንሷል። ነገር ግን ባር ኮዱ የካሴቱን ማንነት እንጂ ካሴቱ ውስጥ የገባውን ቁራጭ ማንነት አያውቅም። የተሳሳተ ናሙና በትክክለኛ ካሴት ውስጥ ከገባ መሣሪያው ስህተቱን በታማኝነት እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል።

አደራው የሚጀምርበት ቦታ

በኢትዮጵያ የፓቶሎጂ አገልግሎት ለብዙ ዓመታት በጥቂት ትላልቅ ሆስፒታሎች ተወስኖ በመቆየቱ ብዙ ናሙናዎች ከተወሰዱበት ቦታ ርቀው ይመረመራሉ። ናሙናው ቢበላሽ ታማሚው ዳግመኛ መንገድ ይጀምራል፤ አቅሙ ካልፈቀደለትም ይቀራል። በመሆኑም የጥንቃቄው ሰንሰለት የሚጀምረው ናሙናው በተወሰደበት ክፍል ነው። ጥቃቅን ቁራጭ በመቆንጠጫ ሊጨመቅ፣ በደረቅ ጎዝ ላይ ሊቆይም አይገባውም፤ ወዲያውኑ መጠኑን ቢያንስ አሥር እጥፍ በሚበልጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት ይኖርበታል። የታማሚው ስምና የናሙናው ቦታ የሚጻፈው በጠርሙሱ ገላ ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይቀያየራልና። የቁራጮቹ ቁጥር በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ከሰፈረ የላቦራቶሪው ባለሙያ አራት ተልከው ሦስት ሲደርሱት ይፈልጋል፤ ካልተጻፈለት ግን የጠፋ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ከምላጩና ከካሮቱ ዘመን እስከ ባር ኮድ ድረስ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ያልተለወጠው ግን እያንዳንዱ እጅ ለቀጣዩ እጅ ቁራጩን ከነማንነቱ የማስረከብ ግዴታው ነው። በስላይዱ ላይ የሚጻፈው ውጤት ምንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን፣ እውነትነቱ በዚህ ርክክብ ላይ የቆመ ነው።