ሥነ ፍጥረትና የዘመናችን ሳይንስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንድ ከባድ ጥያቄ ይዘውልን ይመጣሉ። መምህራቸው የምድር ዕድሜ አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያህል ነው ይላቸዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ እግዚአብሔር ፍጥረትን በስድስት ቀን እንደ ፈጠረ፥ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደትም 5500 ዘመን እንደ ተቈጠረ ይሰማሉ። ወላጅ ተቈጥቶ «ዝም በል» ያለው እንደ ሆነ ልጁ ዝም ይላል፤ ጥያቄው ግን ዝም አይልም። ውሎ አድሮም ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይመስለዋል። ስለዚህ አባቶች ይህን የመሰለውን ጥያቄ እንዴት እንደ ተቀበሉት፥ የዘመናችንም ሊቃውንት ወዴት እንደ ደረሱ ከታሪክ መመልከት ይገባናል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት ዘጠኝ ድርሳናት አስተምሯል። በዚያን ጊዜ ፈላስፎች ስለ ምድር ቅርፅ ይከራከሩ ነበር፤ አንዱ ክብ ናት ሲል ሌላው እንደ ገበታ ዝርግ ናት ይል ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ በክርክሩ ውስጥ አልገባም። ሙሴ ስለ ምድር ቅርፅና ስለ ዙሪያዋ ስፋት ያልተናገረው ነፍሳችንን የሚያንጸውን ሊነግረን ስለ ወደደ ነው ብሎ አስተማረ።

ዳግመኛም ብርሃን በእሑድ፥ ፀሐይ በረቡዕ መፈጠራቸው እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ አልሸሸውም። እሳትና መብራት እንደሚለያዩ ሁሉ፥ ፀሐይም አስቀድሞ ለተፈጠረው ብርሃን ማደሪያ ሆና ተሠራች አለ። አትክልት ከፀሐይ በፊት መብቀላቸውም ሰው ፀሐይን የሕይወት ምንጭ አድርጎ እንዳያመልካት ነው ሲል ተረጐመው። እነሆ፥ የሥነ ፍጥረት ታሪክ ዋና ዓላማ በዚህ ይታወቃል። በግብፅና በባቢሎን ፀሐይና ጨረቃ እንደ አማልክት ይመለኩ ነበር፤ ሙሴ ግን ሁሉም ፍጡራን መሆናቸውን ነገረን።

የእኛም ሊቃውንት በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደ ተጻፈው ኻያ ሁለቱን ፍጥረታት በየዕለታቸው ቈጥረው፥ በአርምሞ፥ በነቢብና በገቢር እንደ ተፈጠሩ ያስተምሩናል። ይህ ትምህርት ከፍጥረት ሁሉ ያለ ፈጣሪ የተገኘ አንድም እንደሌለ ያስረዳል እንጂ የድንጋይን ዕድሜ ለመለካት የተሰጠ ሚዛን አይደለም። 5500 ዘመንም የሚታሰበው ለአዳም የተሰጠው የመዳን ተስፋ መፈጸሙን ለማዘከር ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ሊቃውንት እንመለስ፤ ዓመታቱንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠራለን። ከጥንት ፈላስፎች አርስጣጣሊስ ዓለም መጀመሪያ የለውም ብሎ ነበር፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስም ጽንፈ ዓለም አይሰፋም አይጠብም ብለው የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙዎች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ግን ዦርዥ ለሜትር የተባለ የቤልጅግ ሰው፥ እርሱም ካህንና የሒሳብ ሊቅ የነበረ፥ ጽንፈ ዓለም እየሰፋ እንደሚሄድ ጻፈ። በ1929 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል የከዋክብት ጭፍሮች የሆኑት ጋላክሲዎች በራቁ መጠን በበለጠ ፍጥነት እንደሚሸሹ አሳየ። በ1931 ዓ.ም. ለሜትር ሁሉ ነገር ከአንዲት ጥንታዊት አቶም ተጀመረ አለ። ይህን ሐሳብ የማይቀበለው እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል በ1949 ዓ.ም. በራዲዮ ሲናገር «ታላቁ ፍንዳታ» ብሎ ሰየመው። በ1965 ዓ.ም. ግን ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከሰማይ ማዕዘናት ሁሉ እኩል የሚመጣ ረቂቅ የራዲዮ ሞገድ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ይህም የዚያ የመጀመሪያው ሙቀት ቅሪት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነ ይነገራል።

ይህን የሰማ ምእመን «እነሆ ሳይንስ መጽሐፋችንን መሰከረ!» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። በ1951 ዓ.ም. የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በንግግራቸው ወደዚህ አሳብ ያዘነበሉ መስለው ነበር። ለሜትር ግን ካህን ሳለ በነገሩ አልተደሰተም፤ የእርሱ ትምህርት ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የቆመ፥ አማኝም የማያምንም ሊመረምረው የሚችል መሆኑን አስረዳ። ይህ ታላቅ ማስተዋል ነው። የሳይንስ ሐሳብ በአዲስ ምርምር ይታረማል፤ ይህም ነውሩ ሳይሆን ሥርዐቱ ነው። እምነታችንን በእርሱ ላይ የሰቀልን እንደ ሆነ ግን፥ ችንካሩ በተነቀለ ቀን እምነታችንም አብሮ ይወድቃል።

በአገራችንም ምሳሌ አለን። በ1974 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላት ሊቃውንት ይናገራሉ። ልጃችን አጥንቷን አይቶ ስለ አዳም ቢጠይቀን አንደንግጥ። መጽሐፍ ስለ ሰው ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ሥጋው ከምድር አፈር መሆኑንና የሕይወትን እስትንፋስ ከፈጣሪው መቀበሉን። አጥንት የሚመረምር ሰው ስለ አፈሩ ብዙ ሊነግረን ይችላል፤ የቆጠረውንም ዘመን ማንቋሸሽ አይገባንም። ሰው ለምን እንደ ተፈጠረ፥ ለማንስ መልስ እንደሚሰጥ ግን ከአጥንት ላይ አይነበብም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁን ጥያቄ በቍጣ አትዝጉት። ቅዱስ ባስልዮስ ጥያቄን አልፈራም፤ ለሜትርም የማይገናኘውን አላገናኘም። ልጁ በትምህርት ቤቱ ከዋክብትን ይቍጠር፥ ድንጋዩንም ይመዝን፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የከዋክብትን ጌታ ማመስገን ይማር። በሁለቱም ደጅ ገብቶ ሳያፍር የሚወጣ ልጅ እንድናሳድግ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።