የጦር መኪና በማንጎ ጥላ ሥር

የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ከነገሥታትና ከውሎች ይጀመራል። ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ በብረት ላይ ብቻ የቀረ ታሪክም አለ። ይህን የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ወርዶ የቆመ አሮጌ ዋዝ ጠጋ ብሎ ይመልከት። ሻንሲው የሩስያ ነው። ሊገባበት የተዘጋጀው ሞተር የጃፓን ነው። መካኒኩ ረዳቱን «ካምቢዮውን ደግፍ፣ ፍሪሲዮኑን አቀብለኝ» ሲለው ደግሞ፣ ልብ ሳይለው የሚናገረው ጣልያንኛ ነው። ሦስቱ አገሮች በአንድ ግቢ እንዴት ተገናኙ? ጥያቄው የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ነው።

መልሱን ከጋምቤላ መጀመር ይሻላል። በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጋምቤላ ይደርሳል፤ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ቦታው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የጋምቤላን ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ ይከፈታል፣ መንገዱ ይዘጋል። ዝናብ ሲያባራ መንገዱ ይከፈታል፣ ወንዙ ይዘጋል። ያ ጥቁር መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ጎማ ይውጣል። ስለዚህ የመርከቡ ዘመን ሲያልፍ አገሩ የሚፈልገው መኪና ማንኛውንም መኪና አልነበረም። ከፍ ብሎ የሚሄድ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ሲሰበርም እዚያው የሚጠገን መኪና ነበር። እንዲህ ያለውን መኪና በብዛት የሠራው ደግሞ ነጋዴ ሳይሆን ጦር ነው።

ጦርና መኪና በዚህ አካባቢ ሲተዋወቁ ቆይተዋል። በ1933 ዓ.ም. ከኮንጎ የመጣው የቤልጂግ ቅኝ ግዛት ጦር ከጋምቤላ ወደ ሳዮ፣ ማለትም ወደ ደምቢ ዶሎ ወጣ። በሰኔ ወር መጨረሻ የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሲሰጥ ከተማረከው ንብረት ውስጥ 250 ያህል የጭነት መኪኖች ይገኙበት ነበር። ጣልያን ተሸንፎ ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ቶርኖ፤ ሁሉም የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። የመኪናውን ባለቤትነት የሚያረጋግጠው ሊብሬ ሳይቀር ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

ቀጥሎ የመጣው የአሜሪካ ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስና ፎርድ ተካፍለው ከ600,000 በላይ ጂፖች ሠርተዋል። ሞተሩ 2.2 ሊትር፣ ጉልበቱ 60 ፈረስ ነበር። ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የጦር እርዳታ ስምምነት ከተፈራረመች በኋላ ሠራዊቱ በአሜሪካ መሣሪያና በአሜሪካ ስልት ሠለጠነ። «ጂፕ» የሚለው ስምም በአማርኛችን የአንድ ፋብሪካ መሆኑ ቀርቶ የዚያ ዓይነት መኪና ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ወዳጅነቱ ግን ሃያ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካንን የጦር ሚሲዮን አስወጣ፤ አስመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያም ዘጋ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ጋር የሚደረገው ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ የሶቪየት መሣሪያ በአውሮፕላን ይጎርፍ ጀመር። የእርዳታ መቋረጥ በጋዜጣ ከመነገሩ ይልቅ በመለዋወጫ መጋዘን ቶሎ ይታወቃል። ትናንት ከአንድ አገር ይመጣ የነበረው ፒስተንና ኩሽኔታ ዛሬ አይመጣም። መኪናው ጠላት አልሆነም፤ ነገር ግን የጠላት መኪና ሆኗል።

ዋዝ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። ስሙ በኡሊያኖቭስክ ከተማ የሚገኘው የመኪና ፋብሪካ የሩስያኛ ስም አኅጽሮት ነው። 469 የተባለው ዓይነት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ማለቂያ ላይ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው የ2,445 ሲሲ ቤንዚን ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱ 75 ፈረስ ነው። ለጦር የተሠራው ከመሬት በ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ በየጎማው ጫፍ ተጨማሪ ጥርስ ስላለው አክሱ ከጎማው መሐል በላይ ያልፋልና። ሞተሩ ጥራቱ ዝቅ ባለ ቤንዚን እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው። ካርቡራቶሩን በመፍቻና በጨርቅ ማጽዳት ይቻላል። በጋምቤላም የሶቪየት እጅ ሩቅ አልነበረም፤ በአቦቦ የአልዌሮ ግድብ የተሠራው በዚያው ዘመን በሶቪየት እርዳታ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። በዚያው ዓመተ ምሕረት ለውጥ ማግስት፣ በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም.፣ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። ዋዝ እንግዲህ በአንድ ጊዜ ጌታውንም እናቱንም አጣ። ቤንዚን መጠጣቱ፣ የመለዋወጫው መጥፋት፣ የሞተሩ ማርጀት ተደራርበው የግል ገዢውን ሁለት ምርጫ ፊት አቆሙት፤ ወይ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ መሸጥ፣ ወይ ልቡን መቀየር። ልብ መቀየር ከታሰበ ደግሞ ዓይን የሚያርፈው በቶዮታ ናፍጣ ሞተር ላይ ነው። የተሻለ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በየከተማው ስለሚገኝ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት። ሞተሩን ማውረድ በእርግጥ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ጠንካራ የማንጎ ቅርንጫፍና ሰንሰለት ካለ ይወርዳል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጃፓኑ ሞተር የብሎን ቀዳዳዎች ከሩስያው ካምቢዮ ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን በቶርኖ ይቀረጻል። ሳህኑ የሁለቱን ዘንጎች መሐል በትክክል ካላገናኘ፣ ስሕተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ቢያንስ እንኳ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ያልቃል።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ይከብዳል፤ የፊት ባሌስትራው ቅጠል ይጨመርለታል። ዙሩም ዝግ ያለ ነው። የጦሩ ዋዝ ጥርስ ደግሞ ለፍጥነት ሳይሆን ለጉልበት የተመጠነ ስለሆነ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ እንደ በሬ ይጎትታል፤ በደረቅ መንገድ ላይ ግን ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሮጥም። የገባው ሞተር ባለ 24 ቮልት ሆኖ ከተገኘ፣ ባለ 12ቱ የዋዝ መስመር ለሞተሪኖው አይሆንም፤ እንደገና ይታሰባል። ራዲያተሩም ከጋምቤላ ሙቀት ጋር ተመዛዝኖ መለወጥ አለበት። ከሁሉም የሚዘነጋው ፍሬኑ ነው። ጉልበት ጨምሮ ማቆሚያውን እንደነበረ መተው ሰው ይገድላል። ጥሩ መካኒክ ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ መጥፎው ሞተሩ ሲነሳ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ይህ የድሀ አገር ብልሃት ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ማርቶሬሊ የተባለ ጣልያናዊ አስመጪ ያንኑ ዋዝ ወደ አገሩ እያስገባ በፔዦና በሌሎች ናፍጣ ሞተሮች ለውጦ ይሸጥ ነበር። ፊሊፒኖች ደግሞ አሜሪካኖች ትተውላቸው የሄዱትን የጦር ጂፕ አስረዝመው፣ ቀለም ቀብተው፣ በኋላም የጃፓን ናፍጣ ሞተር አስገብተው «ጂፕኒ» የሚባለውን የሕዝብ ማመላለሻ ፈጠሩ። ዛሬ ጂፕኒ የአገራቸው መታወቂያ ነው፤ ይጻፍለታል፣ ይከራከሩበታል። ልዩነቱ የእጅ ሥራው ላይ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ግን መዝገቡ ሊብሬ ብቻ ነው። ሊብሬ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይይዛል። ሞተሩ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል፤ ሳህኑን ማን እንደለካው፣ በምን እንደለካው፣ ስንት ጊዜ ተሳስቶ እንዳረመው የሚገልጽ መስመር የለም። ያ እውቀት ከመካኒኩ ወደ ረዳቱ በእጅ ይተላለፋል፤ ረዳቱ ሥራ ከለወጠ እዚያው ይቆማል።

ጊዜውም አይጠብቅም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን የሚጠላ የለም፤ ነገር ግን በመፍቻ የሚፈታ መኪና እያነሰ ሲሄድ፣ በመፍቻ የሚያስበው ሰውም አብሮ ያንሳል። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎቻቸውን በየግቢው ልከው እነዚህን የተለወጡ መኪኖች ቢያስለኩ፣ ቢያስሥሉ፣ ባለሙያዎቹንም ስማቸውን ጠይቀው ቢመዘግቡ ብዙ ወጪ የለውም። ሽማግሌዎቹ መካኒኮች ገና በሕይወት አሉ።

አባቶች «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» ይላሉ። ለእኛ ያለው የመጣው ከጣልያን፣ ከአሜሪካና ከሩስያ ነበር፤ አብዛኛውም የመጣው ለጦርነት ነው። ሰጪዎቹ በየተራ ሲሄዱ መለዋወጫውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያ ብረት ቡናና በቆሎ፣ በሽተኛና ሙሽራ እንዲያመላልስ ያደረገው በማንጎ ጥላ ሥር ጀርባው ላይ ተኝቶ ብሎን የሚያጠብቀው ሰው ነው። ስለ ስምምነቶቹ ፈራሚዎች ብዙ ጽፈናል። ስለዚህኛው ግን ገና አልጀመርንም።